አጥር መነቅነቅ ንቀት ነውን?

ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የሰው አጥር የሚነካ ሰው ጉዳዩ ከእንጨቱ ጋር አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ቢያከብር ኖሮ እጁን ባልዘረጋ ነበር ማለታቸው ነው። እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ነገር ግን ገጠር ያደገ ሰው አጥር የሚነቀንቅ ሌላ ሰው እንዳለም ያውቃል። ግንቦት አልቆ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር አያቴ ግቢያቸውን እየዞሩ እያንዳንዱን ቋሚ በእጃቸው ይዘው ይነቀንቁ ነበር። ጤነኛው ቋሚ ፍንክች አይልም። ምስጥ የበላው ግን ላዩ ደኅና መስሎ ቆይቶ መዳፋቸው ውስጥ ቀሽ ይላል። አንዳንዴም እሳቸው ያለፉትን ቋሚ ጎረቤታቸው ከውጭ በኩል ይነቀንቁትና «ይሄኛውን አላዩትም» ይሏቸዋል። አያቴ «ንቀኸኝ ነው» አላሏቸውም። አመስግነው ቋሚውን ይቀይሩ ነበር።

ዛሬ የምሟገትለት ፊልም እንደዚያ ጎረቤት ነው። «ካሲኖ ሮያል» ይባላል። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዳንኤል ክሬግ የሠራውን የ2006ቱን ሳይሆን የ1967ቱን ማለቴ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ይህ ፊልም በዓለም ላይ ስሙ በገነነው ሰላይ በጄምስ ቦንድ ላይ የተሠራ ፌዝ ነው። የቦንድን ፊልሞች የሚያወጣው ድርጅት አልሠራውም። በይፋዊው የፊልሞች ዝርዝር ውስጥም አይቆጠርም። ብዙ ተቺዎች ዝርክርክ ነው ብለውታል፤ የቦንድ ወዳጆችም ለረጅም ጊዜ እንደ ዲቃላ ሲያገሉት ኖረዋል።

እኔም በመጀመሪያ ከሚጠሉት አንዱ ነበርኩ። በልጅነቴ ከሰፈር ልጆች ጋር ሳንቲም አዋጥተን ከአንድ ካሴት አከራይ ቤት ቪዲዮ ተከራየን። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ጄምስ ቦንድ» ተብሎ ተጽፎበታል። የጎረቤታችን ሳሎን ሞላ። እኛ ሾን ኮኔሪን ስንጠብቅ አንድ ጢማም ሽማግሌ መጡ፤ ፒያኖ ይጫወታሉ፣ ሲናገሩ ይንተባተባሉ፣ ሴት ወደሳቸው ስትጠጋ ይሸሻሉ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ይሄ ሰውዬ ቦንድ አይደለም! ተሸወድን!» ብሎ ጮኸ። ካሴቱን ሳንጨርሰው መለስነው። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያ ጩኸት ትክክለኛ ጥያቄ እንደነበር የገባኝም ያኔ ነው። ለመሆኑ ቦንድ ማን ነው?

የስሙ ጉዞ

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ የመጀመሪያውን የቦንድ ልብ ወለድ ያሳተመው በ1953 ነው፤ መጽሐፉም «ካሲኖ ሮያል» ነበር። የጀግናውን ስም ያገኘው ስለ ካሪቢያን ወፎች ከተጻፈ መጽሐፍ ላይ ነው። የወፎቹ ተመራማሪ ስሙ ጄምስ ቦንድ ይባል ነበር። ፍሌሚንግ የፈለገው ሞገስ ያለው ስም አልነበረም፤ ሰው ሰምቶ የሚያልፈው ደረቅ ስም ፈልጎ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ። ገና ከመጀመሪያው ስሙ ባዶ ዕቃ ነበር፤ ማንም የፈለገውን ሊሞላበት ይችላል።

ልብ ወለዱ በ1954 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በአንድ ሰዓት ድራማ ቀረበ። ባሪ ኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ «ጂሚ ቦንድ» ሆኖ ተጫወተ። እንግዲህ በስክሪን ላይ የታየው የመጀመሪያው ቦንድ እንግሊዛዊ እንኳ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ፍሌሚንግ የዚህን የአንድ መጽሐፍ የፊልም መብት ለፊልም ሠሪው ለግሪጎሪ ራቶፍ በ6,000 ዶላር ሸጠ። ራቶፍ ሲሞት መብቱ ከባለቤቱ ወደ ሆሊዉዱ ፕሮዲውሰር ቻርልስ ፌልድማን ተሻገረ። የሌሎቹን መጻሕፍት መብት በኋላ የገዙት ፕሮዲውሰሮቹ አልበርት ብሮኮሊና ሃሪ ሳልትዝማን ናቸው፤ በ1962 «ዶክተር ኖ»ን ሾን ኮኔሪን ይዘው ሠሩ፣ የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። በዚህ ዓይነት የበኩር ልጅ ከሌላ ሰው ቤት ቀረ፣ ታናናሾቹ በአንድ ቤት አደጉ።

ፌልድማን በመጀመሪያ ከብሮኮሊና ከሳልትዝማን ጋር አብሮ ለመሥራት ተነጋግሮ ነበር፤ አልተስማሙም። ያኔ የነበረው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ያለ ኮኔሪ ሌላ የቦንድ ፊልም ሠርቶ ከግዙፉ ጋር መወዳደር፣ ወይ በግዙፉ ላይ መሳቅ። ሁለተኛውን መረጠ። ስለዚህ ከሕግ አንጻር ፌልድማን ሌባ አልነበረም፤ መጽሐፉን በገንዘቡ የገዛ ሰው ነው። «ያልተፈቀደ» የሚባለው በቤተሰቡ ዘንድ ነው።

ስሕተቱን አልደብቅም

ጠበቃ ሆኜ ስለቆምሁ ደንበኛዬ ጻድቅ ነው አልላችሁም። ይህ ፊልም ተዝረክርኮ ነው የተሠራው። በፊልሙ ላይ ስማቸው የተጻፈ አምስት ዳይሬክተሮች አሉ፤ ጆን ሂውስተን፣ ኬን ሂዩዝ፣ ቫል ጌስት፣ ሮበርት ፓሪሽና ጆ ማክግራዝ። ድርሰቱ በብዙ እጅ አልፏል። ከ6 ሚሊዮን ዶላር የጀመረው ወጪ ወደ 12 ሚሊዮን ግድም ደረሰ።

ትልቁ ጣጣ የመጣው በሁለቱ ታላላቅ ተዋንያን መካከል ነው። ፒተር ሴለርስ ኤቭሊን ትሬምብል የተባለ የካርታ ቁማር ሊቅ ሆኖ ይጫወታል። ኦርሰን ዌልስ ደግሞ ለ ሺፍር የተባለውን ቁማርተኛ ወንጀለኛ ይጫወታል። የታሪኩ እምብርት ሁለቱ ባካራ በተባለው የካርታ ቁማር ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ትዕይንት ነው። ዌልስ በየመሐሉ አስማት እያሳየሁ ካልተጫወትሁ አለ። ሴለርስ ከዌልስ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ መቆምን ጠላ። በመጨረሻም አንዱ በሌለበት ሌላው እየመጣ ተቀረጹ። ትዕይንቱን አስተውላችሁ ስታዩት ሁለቱ ሰዎች በጋራ የሚታዩበት ቦታ ማነሱ ይታወቃችኋል፤ ካሜራው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ይመላለሳል እንጂ እምብዛም አብሮ አያቅፋቸውም። ሴለርስ ሥራውን ሳይጨርስ ሄደ። የጎደለውን በሌላ ታሪክና በሌሎች ተዋንያን መሙላት ግድ ሆነ።

ሌላም ጉድለት አለው። በቦንድ ሴት አሳዳጅነት እያሾፈ እሱ ራሱ ሴቶችን እንደ ጌጥ ይደረድራል። ይህን የሚወቅስ ሰው ትክክል ነው፤ አልከራከረውም።

ይህን ሁሉ ካመንሁ ለምን እሟገትለታለሁ? ቋሚ የሚነቀንቅ ጎረቤት ልብሱ ቢቀደድ፣ እጁ ቢቆሽሽ፣ የበሰበሰውን እንጨት ማግኘቱን አያስቀርም። ስለዚህ የፊልሙን ልብስ ትተን እጁን እንየው። የነካቸው ቋሚዎች የትኞቹ ነበሩ?

አምስት ቋሚዎች

የመጀመሪያው ቋሚ ስሙ ነው። በፊልሙ ውስጥ እውነተኛው ጄምስ ቦንድ ሰር ጄምስ ናቸው፤ ዴቪድ ኒቨን ይጫወታቸዋል። ጡረታ ወጥተው አንበሶች በሚንጎራደዱበት ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በየቀኑ የክሎድ ደቡሲን ሙዚቃ በፒያኖ እየተጫወቱ ይኖራሉ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ስማቸውና 007 የሚለው ቁጥራቸው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ያ ሰው በሴትና በመኪና ስማቸውን እንዳቆሸሸው ያዝናሉ። ቆይተው ወደ ሥራ ሲመለሱ ጠላትን ለማደናገር አንድ ትእዛዝ ይሰጣሉ። ከዛሬ ጀምሮ ወንድ ሴት ሳይባል ሰላይ ሁሉ «ጄምስ ቦንድ 007» ተብሎ ይጠራ አሉ። የካርታው ሊቅ ቦንድ ይሆናል። ሰላይቱ ቬስፐር ሊንድ ቦንድ ትሆናለች። የሰር ጄምስ ልጅም ቦንድ ትሆናለች።

ይህ ሲሠራ ዓለም የሚያውቀው የሲኒማ ቦንድ አንድ ብቻ ነበር፤ ኮኔሪ። በዚያው በ1967፣ ፌዙ በወጣ በሁለት ወር ልዩነት፣ ይፋዊው ፊልም «ዩ ኦንሊ ሊቭ ትዋይስ» ለሕዝብ ቀረበ። ፖስተሩ ላይ ሾን ኮኔሪ ራሱ ጄምስ ቦንድ ነው የሚል መፈክር በጉልህ ተጽፎ ነበር። «ነው» የሚለው ቃል ሁሉንም ነገር ተሸክሟል፤ ሰውየውና ስሙ አንድ ናቸው፣ አይለያዩም ማለት ነው። ሆኖም ኮኔሪ ያንኑ ፊልም እየሠራ ሳለ መሰናበቱን አስታወቀ። በ1969 ጆርጅ ላዘንቢ ቦንድ ሆነ። በ1971 ኮኔሪ ለአንድ ፊልም ተመለሰ። በ1973 ሮጀር ሙር መጣ፤ ቀጥሎ ቲሞቲ ዳልተን፣ ፒርስ ብሮስናን፣ ዳንኤል ክሬግ። ፖስተሩ ወይስ ፌዙ ነበር እውነቱን የተናገረው? እኔ ፌዙ ነው እላለሁ። ቦንድ የደንብ ልብስ መሆኑን፣ የለበሰው ሁሉ ቦንድ እንደሚባል ቀድሞ የነገረን እሱ ነው።

ሁለተኛው ቋሚ ዕድሜ ነው። ይፋዊው ቦንድ አያረጅም፤ ተዋናዩ ሲያረጅ በወጣት ይተካል እንጂ። ፌዙ ግን ሸምግሎ ጡረታ የወጣ ቦንድ አሳየን። የፊልሙ መክፈቻ ራሱ ይህ ነው። የእንግሊዙ የስለላ አለቃ ኤም፣ የአሜሪካው ሲአይኤ ሰው፣ የፈረንሳዩና የሶቪዬቱ አቻዎቻቸው ሆነው ተመለስልን ሊሏቸው በአንድ መኪና ይመጣሉ። እምቢ ሲሉ በገዛ አለቃቸው ምልክት ቤታቸው በሞርታር ይደበደባል። በድብደባው የሚሞተው ኤም ራሱ ነው። ሰር ጄምስ ከአለቃቸው አስከሬን የተረፈውን ዊግ ይዘው ለቤተሰቡ ሊያደርሱ ወደ ስኮትላንድ ይሄዳሉ።

ይህን በአእምሯችሁ ይዛችሁ ወደ 2012 ተሻገሩ። «ስካይፎል» በተባለው ይፋዊ ፊልም ቦንድ አርጅተሃል፣ ደክመሃል ይባላል። ያደገበት ቤት ስኮትላንድ ውስጥ በጥቃት ይወድማል። በዚህኛው ሴት የሆነችው ኤምም እዚያው ግቢ አጠገብ ባለው የጸሎት ቤት ውስጥ ትሞታለች። በ1967 ያሳቀን ነገር ከ45 ዓመት በኋላ አስለቀሰን።

ሦስተኛው ቋሚ ዘር ነው። ይፋዊው ቦንድ ለአሥርተ ዓመታት ልጅ አልነበረውም። ያን ያህል ሴት አፍቅሮ፣ ያን ያህል አገር ዞሮ፣ የሚጠብቀው ልጅ የለም። ፌዙ ግን ማታ ቦንድ የምትባል ሴት ልጅ ሰጠው፤ ከታወቀችው ሰላይ ከማታ ሃሪ የወለዳት ናት። ይፋዊው ተከታታይ ይህን ጥያቄ የመለሰው በ2021፣ «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ላይ ማቲልድ የምትባል ትንሽ ልጅ ስትመጣ ነው። በዚያው ፊልም ቦንድ ጡረታ ወጥቶ ጃማይካ ተቀምጧል። ሊፈልገው የሚመጣው የሲአይኤ ሰው ነው። የ007 ቁጥርም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ያቺ ሰው ደግሞ ሴት ናት፤ ላሻና ሊንች የተጫወተቻት ኖሚ።

አራተኛው ቋሚ ጠላት ነው። በሰላይ ፊልም ክፉው ሁልጊዜ ከውጭ ይመጣል፤ ከሩቅ ደሴት፣ ከባዕድ አገር። በፌዙ ውስጥ ዶክተር ኖኣ የሚባለው ታላቅ ጠላት ጭንብሉ ሲገለጥ የሰር ጄምስ የወንድም ልጅ ጂሚ ቦንድ ሆኖ ተገኘ። ዉዲ አለን ነው የሚጫወተው። ዓላማው ሴቶችን ሁሉ ቆንጆ የሚያደርግ፣ ከ137 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚረዝሙ ወንዶችን ሁሉ የሚገድል መርዝ መልቀቅ ነው፤ ቁመቱ ያሳፈረው ሰው በቀል ነው እንግዲህ። በ2015 በ«ስፔክተር» ላይ ይፋዊው ተከታታይ ትልቁን ጠላት ብሎፌልድን ከቦንድ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያደገ የአሳዳጊው ልጅ አድርጎ አቀረበው። ጠላት ከቤት ይወጣል የሚለውን ሐሳብ ፌዙ በ48 ዓመት ቀድሞታል።

አምስተኛው ቋሚ ሞት ነው። በ1967ቱ ፊልም መጨረሻ ጂሚ ቦንድ ሳያውቅ የፈንጂ ክኒን ይውጣል፣ ስቅታ ይይዘዋል፣ ካዚኖው ከነሰዎቹ ይፈነዳል። ቦንድ የተባሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሞቱ፤ እነሱ ገነት ገቡ፣ ጂሚ ሲኦል ወረደ። ይፋዊው ቦንድ የሞተው በ2021 ነው፤ የገዛ አገሩ የባሕር ኃይል በተኮሰው ሚሳኤል።

አሁን ይፋዊዎቹ ከፌዙ ኮረጁ እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ የሚያሰኝ ማስረጃ የለኝም፣ አይመስለኝምም። የምለው ሌላ ነው። የስሙ ጠባቂዎች ስሙን ስለሚወዱት አንዳንድ ቋሚዎችን ለመንካት አይደፍሩም። ቢያረጅስ? ቢወልድስ? ቢሞትስ? ሴት ብትሆንስ? እነዚህን ጥያቄዎች በቁም ነገር ለመጠየቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀባቸው። ከውጭ የመጣው ሰው ግን ምንም የሚያጣው ነገር ስላልነበረ በቀልድ እያዋዛ በአንድ ምሽት ሁሉንም ጠየቃቸው። ቀልድ ቀድሞ ይጠይቃል፤ ቁም ነገር ዘግይቶ ይመልሳል። ለፌዝ የምሟገትለት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍቅር እንጂ ጥላቻ አልነበረም

ንቀት ነበር ወይ የሚለውን ደግሞ ከሥራው እንመርምር። የሚንቅ ሰው ዝርዝር አያጠናም። ፍሌሚንግ ቦንድን እንዲጫወቱ ከወደዳቸው ተዋንያን አንዱ ዴቪድ ኒቨን እንደነበር ይነገራል። ፍሌሚንግ በ1964 ባወጣው ልብ ወለዱ ውስጥ አንዲት ጃፓናዊት ጠላቂ ዓሣ አጥማጅ ወፏን «ዴቪድ» ብላ በኒቨን ስም ትጠራለች። እንግዲህ ፌዙ ሰር ጄምስን ለመጫወት ኒቨንን ሲመርጥ ደራሲው በልቡ ይዞት የነበረውን ሰው ነው ያቀረበው። ቬስፐርን የተጫወተችው ኡርሱላ አንድረስ ደግሞ በ«ዶክተር ኖ» ከባሕር እየወጣች የታየችው ያችው ናት።

ሙዚቃውንም አስቡት። በርት ባካራክ የሠራው ነው። «ዘ ሉክ ኦቭ ላቭ» የተባለው ዘፈን፣ ግጥሙ የሃል ዴቪድ፣ ድምፁ የዳስቲ ስፕሪንግፊልድ፣ ለዚህ ፊልም ነው የተሠራው። ቬስፐርና የካርታው ሊቅ ሲቀራረቡ ካሜራው በትልቅ የዓሣ ገንዳ ብርጭቆ በኩል ያያቸዋል፤ ዓሦቹ በፊታቸው እያለፉ ዘፈኑ በዝግታ ይፈሳል። እዚያ ላይ ማንም አይስቅም። ዘፈኑ ለኦስካር ታጭቷል፣ እስከ ዛሬም ይዘፈናል። የሚንቁትን ነገር እንዲህ ባለ ሙዚቃ አያጅቡትም።

ጉዳት አደረሰ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ፌዙ በዓለም ዙሪያ 41 ሚሊዮን ዶላር ግድም ሲያስገባ ከሱ በኋላ የወጣው ይፋዊው ፊልም ከ110 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ሁለቱም እንጀራቸውን በሉ።

የፌዝ ድንበር

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ጥያቄ ይነሣል። እንዲህ ከሆነ የሰው ሥራ እያነሣ «ቀልዴ ነው» የሚል ሁሉ ነጻ ሊወጣ ነው? አይደለም። የፌዝን ድንበር ለማየት ሁለት የአሜሪካ ፍርዶችን ላቅርብላችሁ።

በ1994 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቱ ላይቭ ክሩ የተባለ የራፕ ቡድን ጉዳይ አየ። ቡድኑ የሮይ ኦርቢሰንን «ኦ ፕሪቲ ዉማን» ዘፈን አጣምሞ ሊያቀርብ ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል፤ ተከልክሎም ሠርቶታል። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ የሰጡት ውሳኔ ለንግድ የተሠራ ፌዝም ቢሆን ሕጋዊ ሊሆን እንደሚችል የሚገልጽ ነበር። ምክንያታቸው ልብ የሚባል ነው። ፌዝ የሚያፌዝበትን ነገር ካላስታወሰ ፌዝ አይሆንም፤ ስለዚህ የተወሰነ መውሰድ ግዴታው ነው። ባለቤት ደግሞ በራሱ ሥራ ላይ ለሚስቅ ሰው ፈቃድ ይሰጣል ተብሎ አይጠበቅም። ፈቃድን ቅድመ ሁኔታ ካደረግነው እንግዲህ ትችትን ለተተቺው በር ጠባቂነት ሰጠነው ማለት ነው።

በቀጣዩ ዓመት ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌላ ጉዳይ ተነሣ፤ ይሄኛው ቦንድን ራሱን የሚመለከት ነው። አንድ የሆንዳ መኪና ማስታወቂያ ነበር። ሽክ ያለ ወጣት ከቆንጆ ሴት ጋር መኪና ይነዳል፣ ሄሊኮፕተር ያሳድደዋል፣ የብረት እጅ ያለው ክፉ ሰው ጣሪያው ላይ ይንጠለጠላል፣ ወጣቱ የመኪናውን ጣሪያ ነቅሎ ከነሰውየው ይለቀዋል። የቦንድ ባለመብቶች ከሰሱ። ሆንዳ ፌዝ ነው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ማስታወቂያው እንዲታገድ አዘዘ። ማስታወቂያው ስለ ቦንድ የሚለው ነገር የለውም፤ የቦንድን ሞገስ ተውሶ መኪና ይሸጣል።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንዱ አጥሩን የነቀነቀው ቋሚው ጤነኛ መሆኑን ሊያይ ነው። ሌላው ቋሚውን ነቅሎ ለራሱ ቤት ሊወስደው ነው። ከውጭ ሲታዩ እጆቹ አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በሥራው መጨረሻ ነው። ፌዝ ስለሚያፌዝበት ነገር አንድ እውነት ይናገራል፤ ስርቆት ዝም ብሎ ይሸከማል። እንግሊዝም፣ ቦንድ የተወለደበት አገር፣ ከጥቅምት 1 ቀን 2014 ጀምሮ ፌዝን በሕጉ ውስጥ ከተፈቀዱ አጠቃቀሞች አንዱ አድርጋዋለች።

ከፌዙ ወዲህ

የፌዙ ፍሬ በዚያ አልቆመም። በ1997 ማይክ ማየርስ «ኦስቲን ፓወርስ»ን ሠራ። ለሐሳቡ መነሻ የሆነው መኪና ውስጥ ሳለ ያንን የባካራክ ዘፈን በሬዲዮ መስማቱ እንደሆነ ተናግሯል። ባካራክ ራሱም በፊልሙ ውስጥ ቀርቦ ዘፍኗል። ኦስቲን ፓወርስ ደግሞ ይፋዊውን ቦንድ ገፋው። ዳንኤል ክሬግ ከዚያ ፌዝ በኋላ የድሮዎቹን ቀልዶች መሥራት የማይቻል ሆኖ እንደነበር፣ በአዲስ መንገድ መሄድ ግድ እንደሆነባቸው በቃለ መጠይቅ ገልጿል። ያ አዲስ መንገድ የተጀመረው በምን ነበር? በ2006ቱ «ካሲኖ ሮያል»። ከቤት ወጥቶ በፌዝ ያደገው የበኩር መጽሐፍ ረጅም የመብት ክርክር አልፎ በ1999 በስምምነት ወደ ቤቱ ተመለሰ። የቦንድን ስም ከመደብዘዝ ያዳነው ፊልም፣ ፌዙ ለአርባ ዓመት ግድም ስሙን ተሸክሞ የቆየለት ታሪክ ነው።

ዛሬ ስሙ እንደገና እጅ ቀይሯል። በየካቲት 2025 የብሮኮሊ ቤተሰብ ስድሳ ዓመት የያዘውን የፈጠራ ሥልጣን ለአማዞን ኤምጂኤም አሳልፎ ሰጥቷል። ቀጣዩን ቦንድ የሚወልደው ቤተሰብ ሳይሆን ኩባንያ ነው። ለኩባንያ ስም ማለት ሀብት ነው፤ ሀብት ደግሞ ይታጠራል፣ ዘበኛ ይቆምበታል። ከአሁን በኋላ አጥሩን ከውጭ የሚነቀንቅ ጎረቤት ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የምትወዱት ፊልም፣ የምትወዱት ዘፈን፣ የምታከብሩት ሰው ሲፌዝበት ስታዩ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። እጁ የነካው የትኛውን ቋሚ ነው? ቋሚውስ ነቅነቅ አለ ወይስ ፍንክች አላለም?

ያ በጎረቤታችን ሳሎን «ተሸወድን» ብሎ የጮኸው ጓደኛዬ ዛሬ ባሕር ማዶ ይኖራል። «ኖ ታይም ቱ ዳይ»ን ከልጁ ጋር ሲኒማ ገብቶ አየ። በዚያው ሌሊት ደወለልኝ። ለትንሽ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ከዚያ ዝም አለ። «ስማ» አለኝ፣ «ጡረታ የወጣ፣ ልጅ ያለው፣ የሚሞት ቦንድ አሳዩን። እኔ እኮ ያንን ካሴት ሳንጨርስ ያስመለስኳችሁ ነኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።